ዙፋን የታጠነችበት ሁዳዴ

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሁሪያ ቤታችን መጣች። በጠፍር የተወጠረው አልጋችን፣ አንገረቡ ላይ ወጥታ እግሯን አጣጥፋ ከተደላደለች በኋላ፣ "የሙሽራ ገላ ማለት ማሳ ማለት ነው" አለች። "ቀድሞ ካልተመነጠረና ካልለሰለሰ፣ በሠርጉ ዋዜማ ብትሯሯጡ ምንም አታበቅሉም።"

እማ ሳቀች። ዙፋን ግን አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ባሏ የሚሆነው ባንተአምላክ ሽንፋ የሚኖር ትራክተር ነጂ ነው፤ በክረምት የሰሊጥ እርሻ ያርሳል፣ በበጋ የሰው ሞተር ይፈታል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ቤት ውስጥ ማስቱ ይሉኛል። ዙፋንን "እታለም" እላታለሁ፤ ታላቅ እህቴ ናትና። ሌሊት የምተኛው በጀርባዋ ተለጥፌ ነው።

ያኔ መተማ ውስጥ በሁሪያ እጅ ሳታልፍ የምትዳር ሴት አልነበረችም፤ ክርስቲያንም ትሁን እስላም። ሁሪያ ገዳሪፍ ያደገች፣ እዚህ መተማ አግብታ የቀረች ሴት ናት። አማርኛዋ ጎንደርኛ ሆኖ መሐል መሐሉ ላይ ዐረብኛ ጣል ይልበታል። ዱኻን የምትለው የጭስ መታጠን፣ ድልካ የምትለው መዓዛ ያለው ሊጥ፣ ሂናው፣ ሁሉም በሷ ቤት ነው።

"በጾም?" አለች እማ። "ልጅቱ ሽቶ ሽቶ እየሸተተች ቅዳሴ ልትቆም ነው?"

"ሽቶው ከፋሲካ ወዲያ ነው። ጭስ ጾም አይፈታም፤ እንጨት ነው እንጂ ቅቤ አይደለም።" ሁሪያ ወደ ዙፋን ዞረች። "በይ ተነሽ። ገላሽን ልየው።"

እማ ፍየሏን እንዳይ ወደ ውጭ ላከችኝ። ወጣሁና ዞሬ ገባሁ። የሰሊጥ ጆንያዎቹ ከተደረደሩበት ጀርባ ተቀመጥኩ። ልብስ ሲወልቅ ሰማሁ፤ የሁሪያ አምባር ሲንሿሿ ሰማሁ።

"ይኼስ?" አለች ሁሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ይጠፋል?" አለች እማ።

"ወላሂ አልዋሽሽም፤ አይጠፋም። ድልካው ያለሰልሰዋል፣ ዱኻኑ ቀለሙን ከሌላው ገላ ጋር ያመሳስለዋል። እንደሚያየው ሰው ነው።"

"ባይጠፋስ?" አለች ዙፋን።

"አንች ዝም በይ" አለቻት እማ።

ሁሪያ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ "አርባ ቀን ታግሰሽ ታጠኝልኝ እንጂ፣ ቆዳሽ ተገፎ አዲስ ሰው ሆነሽ ነው የምትሄጅው" አለቻት።

እኔ ከጆንያው ጀርባ ሁለት ነገር ይዤ ወጣሁ። አንደኛው፣ ዙፋን ገላ ላይ ሊጠፋ የሚፈለግ ምልክት አለ። ሁለተኛው፣ ዙፋን አርባ ቀን ሲሞላት ሌላ ሰው ትሆናለች።

ምልክቱ የአንገቷ ንቅሳት ነው ብዬ ወሰንኩ። ሦስት ድርድር አረንጓዴ ንቅሳት ነበራት፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በጣቴ የምከተለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ስትነቃ አንገቷን አየው ነበር። አለ። በማግስቱም አለ። በልቤ እስቃለሁ፤ የሁሪያ ጭስ እንዳቃተው እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ዱኻኑ በሁሪያ ጓሮ ነበር። አፉ ሰፋ ያለ ገንቦ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ውስጡ ጠልህ የምትለው የግራር እንጨት ያለ ነበልባል ይጨሳል። በገንቦው አፍ ዙሪያ ሰሌን ይነጠፋል፣ ሙሽራዋ እላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ከፍየል ጠጉር የተሠራ ጥቁር ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ይጠቀለልላታል። የመጋቢት መተማ ያለ ጭስም ያቃጥላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ከሰዓት በኋላ ውሻ እንኳ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። ዙፋን በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ለብሳ ትቀመጣለች። ላብ ከግንባሯ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ አጠጣታለሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ዐይኗን እጠርግላታለሁ።

እዚያ ተቀምጠን ነው ስለ ሽንፋ ያወራችልኝ። ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ ጥልቅ ጥልቅ ኩሬ ይተዋል አለችኝ። ዓሣው በእጅ ይያዛል አለችኝ። ማንጎ አለ።

"መቼ ልታሳዪኝ ነው?" አልኳት።

"አብረሽኝ ትሄጃለሽ።"

"ለሠርጉ?"

"ለሁልጊዜ። ባንተአምላክን ነግሬዋለሁ፤ እህቴን ሳልይዝ አልመጣም ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል። ትምህርት ቤቱም ለቤቱ ቅርብ ነው።" ከዚያ ፈገግ ብላ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ፤ እማን ቀስ ብዬ እኔ ነኝ የማሳምናት" አለችኝ።

"ፍየሏስ?"

"ፍየሏንም።"

ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ዜና ሰምቻለሁ። ፈተና አልፌያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ። እንደዚያች ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ጥቁሩ ብርድ ልብስ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፣ ገላዋ ታየኝ።

ከእምብርቷ በታች ሆዷ በሙሉ መስመር መስመር ነበር። ወንዝ ሲጎድል አሸዋው ላይ ጥሎት የሚሄደው ዓይነት ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቅ መስመር። ጭሱ ያቃጠላት መሰለኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

"አልተቃጠልኩም፤ የድሮ ነው" አለችኝ ልብሱን እየሳበች።

"ያምሻል?"

"ያኔ አሞኝ ነበር። አሁን አያመኝም።"

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

ዙፋን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ በላብ የራሰ ፊቷ ሁሉ ሳቀ። "አንዲት ትንሽ ጉድ" አለችኝ።

አሁን እኔም የሴት ገላ አይቻለሁ። ጎንደር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ እንደዚያ ያለ መስመር በቀን አሥር ጊዜ አያለሁ። ዙፋን አሥራ ስድስት ዓመቷ ሳለ ለአጨዳ የመጣ አንድ የወሎ ልጅ ወዳ ነበር። ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻገረና በዚያው ቀረ። እማ፣ ማለትም የዙፋን እናት፣ ሆዷ ሳይታይ ልጇን ሳንጃ ዘመድ ቤት ወሰደቻት፤ ሲመለሱ ሕፃኗን የታቀፈችው እማ ነበረች። ሁሪያ በአርባ ቀን እንድታደበዝዘው የተለመነችው ምልክት እኔ ነበርኩ።

ይህን ያኔ አላውቅም። የማውቀው የሚያኮራ ምሥጢር እንዳለኝ ብቻ ነው።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀር ወይዘሮ የሻረግ ከሽንፋ መጡ። የባንተአምላክ አክስት ናቸው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መቋሚያ የማይዙ ባልቴት ነበሩ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማንጎ ይዘው ነው የመጡት። እማ ልታስተናግዳቸው ሽር ጉድ ስትል፣ ዙፋን ከሁሪያ ቤት እስክትመጣ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንጎ ልጠው ሰጡኝ።

"ሙሽራይቱ እንዴት ናት?" አሉኝ። "ትታጠናለች አሉኝ።"

እኔም ነገርኳቸው። ሁሉንም። ስለ ገንቦው፣ ስለ ላቡ፣ ቆዳዋ ተገፎ አዲስ ሰው እንደምትሆን፣ ንቅሳቷ ግን እምቢ እንዳለ። አፌ ማንጎ እንደሞላ፣ "ሆዷ ላይ ደግሞ መስመር መስመር አለ" አልኳቸው። "እሱን ነው ሁሪያ የምታጠፋው መሰለኝ። ማነው እንዲህ ያደረገሽ ብላት፣ አንዲት ትንሽ ጉድ አለችኝ።"

ወይዘሮ የሻረግ ቢላዋውን አስቀመጡ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ አያያዛቸው ግን ገር ነው።

"ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ልጅ?"

"ዘጠኝ።"

"አባትሽ አቶ ቸሩ መቼ ነው ያረፉት?"

"እኔ አላውቃቸውም። እሳቸው ሲሞቱ ዙፋን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።"

"አሁንስ ስንት ሆናት?"

"ሃያ አምስት" አልኩ። ሒሳብ እችል ነበር፤ ከክፍላችን አንደኛ ነበርኩ። ያን ሒሳብ ግን ሳልሠራው ነው ለሳቸው የሰጠኋቸው።

ሌላ ማንጎ ላጡልኝና እማን ወደ ጓዳ ጠሯት። በሩ ተዘጋ። ብዙ ቆዩ። የሰማሁት የመጨረሻውን ነው።

"እኔም ሴት ነኝ፤ በሴት አልፈርድም" አሉ ወይዘሮ የሻረግ። "ለልጄም ቃል አይወጣኝም። ሠርጉም አይፈርስም። ብቻ እሷ ትቅር። እግሯ ሽንፋን አይርገጥ። አገር አፍ አለው፤ ዛሬ እኔ ያየሁትን ነገ ሁሉም ያየዋል።"

"እንዳሉት ይሁን" አለች እማ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

ትቅር የተባለችው ፍየሏ መሰለችኝ። ሽንፋ ለፍየል የማይመች አገር ይሆናል ብዬ አዘንኩላት። ሄጄ አንገቷን አቅፌ፣ ለከርሞ ፋሲካ መጥቼ እንደምጠይቃት ነገርኳት።

በማግስቱ ዙፋን ልትታጠን አልሄደችም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን አልሄደችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እማ አጠገቧ ተቀምጣ እየደጋገመች ትናገራለች።

ዙፋን "እንግዲያ እኔም አልሄድም" ስትል ሰማኋት።

"ሃያ አምስት ዓመትሽ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ በርሽን አያንኳኳም።"

"ለሱ ልንገረው።"

"ነግረሽውስ? ትቶሽ ቢሄድ፣ አንች ቁመሽ ቀርተሽ፣ የሷም ነገር ባገር ሊነዛ? እኔ አለሁላት። እስከ ዛሬ ማን አሳደጋት?"

እኔ ጭንቅላቴን በበሩ አስገብቼ፣ "እታለም፣ ምንም አይደለም፤ ፍየሏ ብትቀር ግድ የለም" አልኳት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ዙፋን ብድግ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እማ መጥታ፣ ምንም ሳትቆጣኝ፣ ከቤት አወጣችኝ።

በአራተኛው ቀን ሁሪያ ራሷ መጥታ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ገንቦው ላይ ተቀምጣ እንባዋ ይፈስ ነበር፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ እንደገና ይፈስሳል።

"ዛሬ ጭሱ በረታ" አልኳት ሁሪያን።

"በረታ፣ ያ ቢንቲ፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። "አንች ጥረጊላት ብቻ።"

ከፋሲካ በኋላ ድልካው ተጀመረ። በማሽላ ዱቄትና በቅርንፉድ ተለውሶ፣ በጭስ ታጥኖ የጠቆረ ሊጥ ነው። ሁሪያ ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ባቷን በመዳፏ ታሻለች፤ ሊጡ እየተፈረፈረ አሮጌውን ቆዳ ይዞ ይረግፋል። ሆዷ ጋ ስትደርስ ግን ዙፋን እጇን ያዘቻት።

"ይኼን ተይው" አለቻት።

"እናትሽ ደጋግማ ለምናኛለች እኮ።"

"እኔ ደግሞ ተይው እልሻለሁ።"

ሁሪያ ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰቻት። "ኸላስ፤ ተትቷል" አለች። እኔ በደንብ አልታሸችም ብዬ ለእማ ልናገር ነበር። ባለመናገሬ ዛሬም ድረስ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የሂናው ቀን ቤቱ በሴት ተሞላ። የዙፋን እግርና እጅ በጥቁር ሐረግ ተሣለ፤ እስኪደርቅ እንደ ሕፃን በእጃችን ነበር የምናጎርሳት። ገላዋ ተለውጦ ነበር፤ ቀላ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይመስላል። የኔ ዙፋን ትሸት የነበረው ሳሙናና ሰሊጥ ነበር፤ ይህችኛዋ የምትሸተው የሁሪያን ጓሮ ነው። ሁሪያ እውነቷን ነው፣ አዲስ ሰው ሆናለች፣ አልኩ በልቤ፤ ፈራኋት።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው በፒካፕ መጣ። ዘፈኑ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ አቧራው አንድ ላይ ሆነ። እኔ ሁለት ቀሚሴን፣ ደብተሬንና አንድ ማበጠሪያ በፌስታል አድርጌ ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ነበር። ባንተአምላክ ከመግባቱ በፊት አየኝና አንድ ነገር ሊለኝ ጎንበስ አለ፤ ሚዜዎቹ እየጎተቱ ወሰዱት። ሙሽሮቹ ሲወጡ ወደ በሩ ተጠጋሁ። እማ ከኋላዬ መጥታ ወገቤን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"የት ነው?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ከእታለም ጋ።"

"ሌላ ጊዜ።"

"ነግራኛለች እኮ።"

"ሌላ ጊዜ ነው ያልኩሽ፣ ማስቱዬ።"

ዙፋን በአጠገቤ አለፈች። ቀሚሷ ክንዴን ነካኝ። ጠራኋት። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤ አልዞረችም። ወይዘሮ የሻረግ ደግፈው አስገቧት፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናው በሸሕዲ መንገድ አቧራውን አንሥቶ ሄደ። ቆዳዋ ሲገፈፍ እኔንም አብሮ ገፎኝ ነው፣ ረስታኛለች፣ ብዬ አመንኩ። ለብዙ ዓመት አመንኩ።

እማ እውነቱን የነገረችኝ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ እሷ ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው። የቀረውን የሞላችልኝ ሁሪያ ናት። "ዞር እንዳትይ ያልኳት እኔ ነኝ" አለችኝ። "ከዞርሽ አትሄጅም አልኳት። ሽንፋ እስክትደርስ ከንፈሯን ነክሳ ደምታ ነበር አሉኝ።"

ዙፋን በዓመት አንዴ፣ ሲቀና ሁለቴ፣ መተማ ትመጣ ነበር። ስኳር ታመጣልኛለች፣ ልብስ ትገዛልኛለች፣ ጠጉሬን ትሠራኛለች። መሄጃዋ ሲደርስ እኔ ሆን ብዬ ከቤት እወጣለሁ። በእማ ለቅሶ ጎን ለጎን ተቀምጠን አለቀስን። ማወቄን አወቀች መሰለኝ፤ አልተነጋገርንም። እሷ እስክትጀምር እኔ ጠበቅኩ፤ እኔ እስክጀምር እሷ።

ባለፈው ዓመት ወይዘሮ የሻረግ አረፉ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበርና ከጎንደር ሸሕዲ፣ ከሸሕዲ በሚኒባስ ሽንፋ ወረድኩ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ ሽንፋን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ለቅሶ ደርሼ በዚያው ቀን ልመለስ ነው ያሰብኩት፤ ሾፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ነግሮኛል።

ዙፋን ሸብታለች። ከል ለብሳ፣ ስታየኝ ብድግ ብላ ቆመች እንጂ ወደ እኔ አልመጣችም። እኔ ሄጄ ሳምኳት። ባንተአምላክ ወንበር ሲፈልግልኝ ትንሽ ተቸገረና፣ በመጨረሻ በመስኮቱ ሥር ወዳለ አጭር አንገረብ ጠቆመኝ። ጠባብ፣ ቁመቱ ለዐዋቂ የማይበቃ አልጋ ነው።

"ይኼ ያንችው ነው" አለኝ።

አልገባኝም።

"ላንች ብዬ ነበር ያሠራሁት። ያኔ እህቴን ይዤ እመጣለሁ ስትለኝ ነው። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅቱ እናቷን ትታ አልመጣም አለች አለችኝ። እኔም አመንኩ። ኋላ ልጆቹ እየተቀያየሩ ተኙበት።" የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቱ አሻሸ። "ከገባኝ ቆይቷል። አክስቴም አልነገረችኝ። ዙፋን ራሷ እስክትነግረኝ ብዬ ነው ያልጠየቅኳት።"

ዙፋን ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት የሚጠብቀኝ ሰው የለም ባልኩበት ቤት በልኬ የተሠራ አልጋ ነበር።

አንዲት ጎረቤት ድንች ወጥ ይዛ ገባች። አይታኝ፣ ለባንተአምላክ እግዜር ያጽናህ ብላ፣ ወደ ዙፋን ዞረች። "እኒህ እንግዳ ማን ናቸው? መልካችሁ ቁርጥ አንድ ነው። እህትሽ ናቸው?"

ዙፋን ቀና አለች። መጀመሪያ ባሏን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

"ልጄ ናት" አለች። "የመጀመሪያ ልጄ።"

ጎረቤቷ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ባንተአምላክ ተነሥቶ ሳህኑን ተቀበላት። "ተቀመጭ እንጂ" አላት፤ "ቁመሽ ቀረሽ እኮ።"

ዙፋን መጥታ አጭሩ አልጋ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ጠፍሩ ከሁለታችን ክብደት ሲጥ አለ። እጄን አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከመንገዱ በኩል የሚኒባሱ ጡሩምባ ተሰማ፤ አንዴ፣ ቆየት ብሎ ሁለተኛ። ባንተአምላክ ወደ በሩ ሄዶ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየና፣ ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘለት፤ መኪናው ያለ እኔ ሄደ።